በሙዝስኮር የኖታ ርዝመት መቀየር፦ ጎረቤቱ ሳይበላ፣ ባሩ እንደገና ሳይጻፍ

ፒያሳና አራት ኪሎ ዙሪያ ካሉ መዘምራንና ትንንሽ ባንዶች «አስተካክልልን» ተብለው የሚመጡልኝ የሙዝስኮር (የኮምፒውተር ኖታ መጻፊያ ፕሮግራም) ፋይሎች ችግራቸው ተመሳሳይ ነው። ሩቡን ግማሽ ለማድረግ ተሞክሮ ቀጥሎ ያለው ኖታ ከነግጥም ፊደሉ ጠፍቷል። ወይም ግማሹ ወደ ሩብ ሲያጥር ማንም ያልጠራው እረፍት መሃል ላይ ገብቷል። ጸሐፊው ይናደድና ባሩን አጥፍቶ እንደገና ይጽፋል፤ ቀጣዩም ባር እንደዚያው ይሆንበታል። ልምምድ ቅዳሜ ከሆነ አርብ ሌሊት እንቅልፍ የለም።

ሙሉ ባር አጥፍቶ መጻፍ የሚያስፈልገው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛው ማስተካከያ በሦስትና በአራት ቁልፍ ያልቃል፣ ቁጥሩን ከመጫናችሁ በፊት ጎረቤቱ ኖታ ምን እንዲሆን እንደምትፈልጉ ከወሰናችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

*የፕሮግራሙ ስሪት።* እዚህ ያለው ሁሉ በነፃ በሚገኘው ሙዝስኮር ላይ የተመሠረተ ነው። ስሪት 4ም ሆነ 3.6 ይሠራል፤ ዋናዎቹ ቁልፎች አንድ ናቸው። ላፕቶፓችሁ አሮጌ ከሆነ 3.6 ይቀልለዋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ በ4 የተቀመጠ ፋይል በ3 አይከፈትም። ከጓደኛችሁ ጋር ፋይል የምትለዋወጡ ከሆነ ሥራው ሳይጀመር በስሪቱ ተስማሙ።

*የፊደል ገበታ።* ከሁሉ በላይ የሚያደናቅፈው ይህ ነው። ግጥም ለመጻፍ የአማርኛ ገበታ ታበራላችሁ፤ ግጥሙ ሲያልቅ መመለሱን ትረሳላችሁ። ከዚያ በኋላ ኤን፣ ኪው፣ ደብሊው፣ ቲ ብትጫኑ ፕሮግራሙ አይሰማችሁም። «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ» የምትለኝ የመዘምራን ልጅ ላፕቶፕ ጥግ ላይ አብዛኛውን ጊዜ «አማ» የሚል ምልክት አገኛለሁ። በዊንዶውስ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዛችሁ ስፔስ ስትጫኑ ገበታው ይቀያየራል። ርዝመት በምትቀይሩበት ጊዜ ሁሉ ገበታው እንግሊዝኛ ላይ ይሁን።

*ግጥም በኋላ።* ኖታ ሲበላ ከሥሩ ያለው ፊደልም አብሮ ይሄዳል። ዜማው ርዝመቱ ሳይስተካከል ግጥም አትጻፉ። ግጥሙ ቀድሞ ከገባ ደግሞ ከታች ያሉትን ማስጠንቀቂያዎች ሁለት ጊዜ አንብቡ።

*መብራት።* በፕሮግራሙ ምርጫዎች ውስጥ፣ ፕሪፈረንስስ በሚለው ሥር፣ ራሱን የሚያስቀምጥበትን ጊዜ ወደ ጥቂት ደቂቃ አውርዱት። ዴስክቶፕ ያለ ባትሪ የምትጠቀሙ ከሆነ ይህን ዛሬውኑ አድርጉት። ትልቅ ለውጥ ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ፋይሉን በሌላ ስም አስቀምጡ፤ በስሙ መጨረሻ ላይ «ሙከራ» ብትሉ ይበቃል።

*የመለማመጃ ባር።* አዲስ ፋይል ክፈቱ፣ 4/4 ይሁን። በመጀመሪያው ባር አራት ሩብ ኖታዎች ጻፉ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ። በትዝታ ሜጀር ጣታችሁ የለመዳቸው ድምፆች ናቸው፣ ስለዚህ አንዱ ሲጠፋ ጆሯችሁ ወዲያው ያውቃል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም ባር በተመሳሳይ ሙሉ። ከታች ያለውን ሁሉ መጀመሪያ እዚህ ሞክሩት፣ ከዚያ ወደ እውነተኛው መዝሙር ሂዱ።

ደረጃ 1፦ ቁጥሮቹን በጣት ያዙ

መሃሉ 5 ነው፣ ሩብ ኖታ። ከ5 ወደ ላይ ስትሄዱ ርዝመቱ በየቁጥሩ እጥፍ ይሆናል፦ 6 ግማሽ፣ 7 ሙሉ። ወደ ታች ስትወርዱ በየቁጥሩ ይገመሳል፦ 4 ስምንተኛ፣ 3 አሥራ ስድስተኛ፣ 2 ሠላሳ ሁለተኛ። 0 እረፍት ነው። ነጥብ የሚጨመረው በተራው የነጥብ ቁልፍ ነው።

ሁለት ፊደሎችንም ጨምሩ። ኪው የተመረጠውን ኖታ በግማሽ ያሳጥራል፤ ደብሊው እጥፍ ያደርገዋል። ሺፍት ይዛችሁ ኪው ወይም ደብሊው ስትጫኑ ደግሞ እርምጃው ያጥራል፣ ባለ ነጥቡንም እግረ መንገዱን ይረግጣል፤ ከሩብ ወደ ባለ ነጥብ ሩብ፣ ከዚያ ወደ ግማሽ።

ከሌላ ፕሮግራም ለመጣችሁ፦ በሲቤሊየስ የቁጥር ሰሌዳ ሩብ 4 ነው፣ እዚህ ግን 4 ስምንተኛ ነው። ዶሪኮ ላይ ደግሞ ሩብ 6 ነው። የፊናሌ ሰው ከሆናችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ 5 እዚያም ሩብ ነበር። ፊናሌ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. መቋረጡ ከተነገረ ወዲህ ወደ ሙዝስኮር የሚሻገር ሰው በዝቷል፣ ቢያንስ ይህን ልማድ ይዞ ይመጣል።

ደረጃ 2፦ የትኛው ሁነታ ላይ እንዳላችሁ እወቁ

«5ን ስጫን ምንም አይሆንም» የሚለው አቤቱታ መልሱ እዚህ ነው።

1. ኤንን ስትጫኑ ወደ መጻፊያ ሁነታ ትገባላችሁ። እርሳሷ ምልክት ትበራለች፣ ባሩ ላይም ጠቋሚ ይታያል። በዚህ ሁነታ 5 ማለት «ቀጥሎ የምጽፈው ሩብ ይሁን» ነው። የተጻፈውን አይነካም።
2. ኤስኬፕን ስትጫኑ ወደ መምረጫ ሁነታ ትመለሳላችሁ። አሁን አንድ ኖታ ጠቅ አድርጋችሁ 5ን ብትጫኑ ያ ኖታ ራሱ ሩብ ይሆናል።

የተጻፈ ነገር ልትቀይሩ ነው? መጀመሪያ ኤስኬፕ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ሁለት ጊዜ ኤስኬፕ፤ ምንም አይጎዳም። ከዚያ ኖታውን ጠቅ አድርጉ። ሰማያዊ መሆኑን አረጋግጡ፣ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመጻፊያ ሁነታ ሳላችሁ የመጨረሻው ኖታ ርዝመቱ ከተሳሳተ፣ ኮንትሮል ዜድ ብላችሁ ትክክለኛውን ቁጥር ተጭናችሁ ድምፁን እንደገና ስጡ። ከሁነታ ሁነታ ከመመላለስ ይፈጥናል።

ደረጃ 3፦ ማሳጠር

ይህ ቀላሉ ነው። ኖታውን ምረጡ፣ 4ን ተጫኑ። ሩቡ ስምንተኛ ሆነ፣ የቀረው ቦታ በስምንተኛ እረፍት ተሞላ። ማንም አልተጎዳም።

እረፍቱን ማጥፋት ግን አይቻልም። ዲሊት ብትጫኑበት ባለበት ይቀመጣል፤ በመጀመሪያው ድምፅ (ቮይስ 1፣ የስታፉ ዋና መስመር) ውስጥ ባሩ ሁልጊዜ ሙሉ መሆን አለበትና። ቦታው ላይ ኖታ ከፈለጋችሁ እረፍቱን ምረጡ፣ ኤን፣ 4፣ ከዚያ የኖታውን የእንግሊዝኛ ፊደል (ሲ፣ ዲ፣ ኢ…)። በቃ።

ኮንትሮልና ዲሊት አንድ ላይ የሚባል ነገር አለ፤ እረፍቱን በእውነት ያጠፋዋል። ነገር ግን ከባሩ ላይ ጊዜውን ቆርጦ ነው የሚያጠፋው፣ 4/4 የነበረው ባር አጭር ይሆናል። መላ ባር ልታስወግዱ ካልሆነ በቀር አትንኩት።

ደረጃ 4፦ ማስረዘም

ሁሉም የሚሰናከለው እዚህ ነው፣ ቀስ ብለን እንሂድ።

ሙዝስኮር እንደ ታክሲ ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ» ብሎ ቦታ አያስለቅቅም። እያንዳንዱ ኖታ በሰዓቱ ላይ የተቀመጠ ነው። አንዱ ሲሰፋ ጎረቤቱ አይገፋም፣ ይበላል። በመለማመጃው ባር ሁለተኛውን ኖታ፣ ዲን፣ ምረጡና 6ን ተጫኑ። ዲ ግማሽ ሆነ፣ ኢ ጠፋች፣ ጂ ባለችበት ቀረች። ኮንትሮል ዜድ ብላችሁ መልሱ።

እንግዲህ ቁጥሩን ከመጫናችሁ በፊት ምረጡ፦ ጎረቤቱ ይበላ፣ ያጥር፣ ወይስ ይገፋ?

*ሀ. ይበላ።* ጎረቤቱ የማይፈለግ ከሆነ ቁጥሩን ብቻ ተጫኑ። ሁለት ተመሳሳይ ኖታዎችን ወደ አንድ ረጅም ስትቀይሩ ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው።

*ለ. ይጠር።* ሩብና ሩብ የነበረውን ባለ ነጥብ ሩብና ስምንተኛ ማድረግ ትፈልጋላችሁ እንበል፤ መዝሙር ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው።

1. የመጀመሪያውን ኖታ ምረጡ፣ የነጥብ ቁልፍን ተጫኑ። ሁለተኛው ኖታ ይበላል፣ በቦታውም የስምንተኛ እረፍት ይቀራል። አትደንግጡ፣ የተፈለገው ይሄ ነው።
2. የቀኝ ቀስት ተጫኑ። እረፍቱ ይመረጣል።
3. ኤን፣ 4፣ ከዚያ የተበላውን ኖታ ፊደል።
4. ኤስኬፕ።

ኖታው ወደ ሌላ ኦክታቭ ከወጣ ወይም ከወረደ፣ ተመርጦ ሳለ ኮንትሮልን ከላይ ወይም ከታች ቀስት ጋር ተጫኑ። ሙዝስኮር ፊደል ሲሰጠው ለቀድሞው ኖታ የሚቀርበውን ኦክታቭ ስለሚመርጥ ይህ አልፎ አልፎ ያጋጥማል።

ግጥም ከነበረው የተበላው ፊደል መመለስ አለበት። ኖታውን ምረጡ፣ ኮንትሮል ኤል፣ የአማርኛ ገበታ አብሩ፣ ፊደሉን ጻፉ፣ ገበታውን መልሱ። መመለሱን!

*ሐ. ይገፋ።* ሩቡ ግማሽ ይሁን፣ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ምት ወደፊት ይሂድ። ለዚህ አንድ ቁልፍ የለም፤ አስገቢ (ኢንሰርት) የሚባል የመጻፊያ ሁነታ አለ፣ ነገር ግን ቀጣዩን በሙሉ በየባሩ ከማስተላለፍ ይልቅ ባሩን ራሱን ያረዝመዋል። አምስት ምት ያለው የ4/4 ባር ይሰጣችሁና ዘማሪው ቆም ብሎ ያያችኋል። እኔ አልጠቀምበትም። ይልቅ እንዲህ አድርጉ፦

1. መጨረሻ ላይ ባዶ ባር መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ ኮንትሮል ቢ አንድ ባር ይጨምራል።
2. ከሚረዝመው ኖታ ቀጥሎ ያለውን ኖታ ጠቅ አድርጉ። ሺፍት ይዛችሁ የዚያኑ ስታፍ የመጨረሻ ኖታ ጠቅ አድርጉ። መሃል ያለው በሙሉ በሰማያዊ ሳጥን ይከበባል።
3. ኮንትሮል ኤክስ። ቦታው በእረፍት ይሞላል።
4. የሚረዝመውን ኖታ ጠቅ አድርጉ፣ 6ን ተጫኑ። የሚበላ ጎረቤት የለም።
5. የቀኝ ቀስት። ቀጣዩ እረፍት ይመረጣል።
6. ኮንትሮል ቪ።

ሁሉም ነገር አንድ ምት ወደፊት ሄደ። ባር የሚያቋርጡ ኖታዎች ራሳቸው ተከፍለው በማያያዣ ቅስት ይገናኛሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴኖርና ባስ ያለበት ከሆነ ይህ የሚገፋው የመረጣችሁትን ስታፍ ብቻ ነው። አራቱም መገፋት ካለባቸው ከላይኛው ስታፍ ጀምራችሁ የታችኛው ስታፍ መጨረሻ ላይ ሺፍት ጠቅ አድርጉ፣ በአንድ ጊዜ ቁረጡ፣ በየስታፉ ረዥሙን ኖታ አስተካክሉ፣ ከዚያ በላይኛው ስታፍ እረፍት ላይ ለጥፉ። ሶፕራኖውን ብቻ ገፍቶ ሌሎቹን የረሳ ፋይል ስታጫውቱት ኮረሱ እርስ በርሱ ሲጣላ ትሰማላችሁ።

ከገፋችሁ በኋላ ኖታዎቹ በማያያዣ ተቆራርጠው ለማንበብ ካስቸገሩ፣ ክፍሉን ምረጡና ቱልስ በሚለው ሜኑ ውስጥ ሪግሩፕ ሪዝምስን ተጫኑ። አሰላለፉን በምቱ መሠረት መልሶ ይሰበስባል። ሁልጊዜ የምትወዱትን አይሰጥም፤ ውጤቱን ተመልክታችሁ ካልተመቸ ኮንትሮል ዜድ።

ደረጃ 5፦ ብዙ ኖታ በአንድ ጊዜ

የተበታተኑ ከሆኑ አንዱን ጠቅ አድርጉ፣ ሌሎቹን ኮንትሮል ይዛችሁ ጨምሩ፣ ከዚያ ቁጥሩን። ሁሉም አብረው ይቀየራሉ።

በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሩቦችን በሙሉ ማግኘት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ክፍሉን በሺፍት ምረጡ። አንዱን ሩብ በቀኝ ጠቅ አድርጉ፣ ሴሌክት፣ ሞር። በሚከፈተው መስኮት «ሴም ዱሬሽን»ን ምልክት አድርጉ፣ ፍለጋውም በተመረጠው ውስጥ ብቻ እንዲሆን እዘዙ። እሺ ስትሉ ሩቦቹ ብቻ ይመረጣሉ።

ይህ ለማሳጠር ግሩም ነው። ኪቦርዲስቱ ረጅም ይዞ የጻፋቸውን ኮርዶች ስምንተኛና እረፍት አድርጎ ማስነጠቅ በአንድ ቁልፍ ያልቃል። ለማስረዘም ግን አትሞክሩት፣ በተለይ ኖታዎቹ ጎን ለጎን ከሆኑ። እርስ በርስ ይበላላሉ፣ ከአራቱ ሁለቱ ይተርፋሉ። ተከታታይ ኖታዎችን ለማስረዘም የሚቀጥለው ደረጃ አለላችሁ።

ደረጃ 6፦ ክፍሉን በሙሉ ማጠፍ (እጥፍ ማድረግ) ወይም መገመስ

ከካሴት ወይም ከስልክ ቅጂ እየሰሙ ኖታ የሚያወርዱ ሰዎች ምቱን በግማሽ ፍጥነት ይቆጥሩና ዜማው በአሥራ ስድስተኛ የተሞላ ይሆናል። ትክክል ነው፣ ይጫወታል፤ ማንበብ የጀመረ ዘማሪ ግን ገና ሲያየው ይሸሻል። ያንኑ ዜማ በስምንተኛ ብትጽፉት ማታውኑ ያነበዋል። የተገላቢጦሹም አለ፤ በግማሽና በሙሉ ኖታ ተዘርግቶ አምስት ገጽ የበላ መዝሙር።

ቁልፎቹ ሁለት ናቸው። ኮፒ ካደረጋችሁ በኋላ፣ ኮንትሮል ሺፍት ደብሊው ርዝመቱን እጥፍ አድርጎ ይለጥፋል፤ ኮንትሮል ሺፍት ኪው ገምሶ ይለጥፋል። ቁልፉ ካልሠራ ሁለቱንም ኤዲት ሜኑ ውስጥ፣ ከተራው ፔስት አጠገብ ታገኟቸዋላችሁ።

ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ፦

1. ፋይሉን በሌላ ስም አስቀምጡ።
2. ባሮቹን ቁጠሩ። 16 ባር ሊታጠፍ ከሆነ 32 ባዶ ባር መጨረሻ ላይ ጨምሩ፤ አድ በሚለው ሜኑ ውስጥ ሜዠርስን ከፍታችሁ ቁጥሩን መስጠት ትችላላችሁ።
3. ታይም ሲግኔቸሩን (እንደ 4/4 ያለውን የምት ምልክት) ወስኑ። 4/4ን አጥፋችሁ በ4/4 ብታስቀሩት የባሩ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። 2/4 የነበረውን ግን በባዶዎቹ ባሮች መጀመሪያ ላይ 4/4 ብታስቀምጡለት የባሩ ቁጥር አይለወጥም፣ የባር መስመሮቹም በቦታቸው ይወድቃሉ። እንዲያ ከሆነ 16ቱ ባዶ ባር ይበቃችኋል። ይህን አሁን አድርጉ፣ ከተለጠፈ በኋላ አይደለም።
4. የመጀመሪያውን ባር ጠቅ አድርጉ፣ የመጨረሻውን ሺፍት ይዛችሁ። ኮንትሮል ሲ።
5. የመጀመሪያውን ባዶ ባር ጠቅ አድርጉ። ኮንትሮል ሺፍት ደብሊው።
6. አጫውቱት። አሮጌው አሁንም ከላይ ስላለ ማወዳደር ትችላላችሁ።
7. ሲያረካችሁ ብቻ የድሮዎቹን ባሮች በሙሉ ምረጡና በኮንትሮል ዲሊት አስወግዱ። ለዚህ ነው ያ አደገኛ ቁልፍ የተፈጠረው።

በቦታው ላይ፣ ማለትም ከራሱ ላይ፣ አትለጥፉ። የታጠፈው 16 ባር ቀጥሎ ያለውን 16 ባር ይሸፍናል፤ አዝማቹ ላይ ቁጥር ሁለት ተደርቦበት ታገኙታላችሁ።

ከለጠፋችሁ በኋላ የሚረሳው ፍጥነቱ ነው። ኖታው ሲታጠፍ ዜማው በግማሽ ፍጥነት ይጎተታል። ሩብ በደቂቃ 70 የነበረውን 140 አድርጉት። ስትገምሱ ደግሞ ፍጥነቱንም ገምሱ። የፍጥነቱ ጽሑፍ፣ የመደጋገሚያ መስመሮችና አንደኛ ሁለተኛ መዝጊያዎች አብረው አይመጡም ብላችሁ አስቡና በእጃችሁ መልሱ። ግጥሙ ከኖታው ጋር ይሄዳል፣ የሆነ ሆኖ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ደረጃ 7፦ በ6/8 ለሚደጋገም ምት

ለችክችካ ዘፈን የባስ ወይም የኪቦርድ መስመር ስትጽፉ ርዝመቱ በየባሩ አንድ ነው፣ የሚቀያየረው ድምፁ ነው። እዚህ በየኖታው ቁጥር መጫን ጉልበት ማባከን ነው።

1. አንድ ባር በትክክለኛው ርዝመት ጻፉ፤ ለምሳሌ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ። ድምፁ ምንም ይሁን።
2. ኤስኬፕ፣ ባሩን ጠቅ አድርጉ፣ አርን ተጫኑ። ባሩ ቀጥሎ ይደገማል። የሚያስፈልጋችሁን ያህል አርን ደጋግሙ።
3. ወደ መጀመሪያው ኖታ ተመለሱ። ከእርሳሷ ጎን ያለችውን ትንሽ ቀስት ክፈቱና ሪፒችን ምረጡ።
4. አሁን ፊደል ብቻ። በእያንዳንዱ ፊደል ድምፁ ይቀየራል፣ ርዝመቱ አይነካም፣ ጠቋሚውም ወደ ቀጣዩ ያልፋል።

ስትጨርሱ ወደ ተራው የመጻፊያ ሁነታ መመለስ እንዳትረሱ፤ ካልሆነ ቀጥሎ ቁጥር ስትጫኑ ለምን እንደማይሰማችሁ ግራ ይገባችኋል።

ዜማውን በ3/4 ጀምራችሁ 6/8 መሆኑ ኋላ ከገባችሁ፣ ርዝመቱን አትንኩ። ሁለቱም በባር ስድስት ስምንተኛ ናቸው። 6/8ን ከፓሌቱ (ከምልክቶች ሰሌዳው) ጎትታችሁ መጀመሪያው ባር ላይ ጣሉ፤ የስምንተኞቹ መያያዣ ራሱ ሦስት ሦስት ይሆናል። በ4/4 ትሪፕሌት (በሁለት ኖታ ጊዜ ሦስት ኖታ) አድርጋችሁ ከጻፋችሁት ግን የተለየ ነው። ያኛው ትሪፕሌቶቹን አፍርሶ በ12/8 መጻፍ ይፈልጋል፣ አቋራጭ አትፈልጉለት።

ትሪፕሌት ውስጥ

ትሪፕሌት የሚሠራው ጠቅላላ ርዝመቱን በያዘ ኖታ ላይ ነው፦ ሩቡን ምረጡ፣ ኮንትሮል 3፣ የሦስት ስምንተኛ ቦታ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ኖታው ነው፣ ሁለቱ እረፍት። ውስጡ ያለውን በቁጥር መቀየር ይቻላል። የመጀመሪያውን መርጣችሁ 5 ብትሉ ሩብና ስምንተኛ ይሆናል፣ መሃለኛው ይበላል።

ትሪፕሌትን ከፊሉን ኮፒ ማድረግም ሆነ የባር መስመር እንዲያቋርጥ መለጠፍ አይቻልም። ደረጃ 4 ሐ ላይ ስትገፉ የማስጠንቀቂያ መልእክት ከወጣ ምክንያቱ ይህ ነው። ከተተራመሰ ላዩ ላይ ያለችውን የ3 ቁጥር ጠቅ አድርጋችሁ ዲሊት፤ ቦታው እረፍት ይሆናል፣ ከዚያ ከዜሮ።

ሲበላሽ

*ቁጥር ስጫን የሌላ ሰው ድምፅ ይቀየራል፣ ወይም ከኖታው በላይና በታች ትርፍ እረፍት ይታያል።* ድምፅ 2 (ቮይስ 2፣ በዚያው ስታፍ ላይ የሚደረብ ሁለተኛ መስመር) ላይ ገብታችኋል። የተመረጠ ኖታ ሰማያዊ ከሆነ ድምፅ 1 ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ ድምፅ 2፣ ብርቱካናማ 3፣ ሐምራዊ 4። ኖታዎቹን ምረጡና ኮንትሮል አልት 1 ተጫኑ። የድምፅ 2 ትርፍ እረፍቶች በዲሊት ይጠፋሉ።

*ኖታው ቀላ።* ይህ የርዝመት ጉዳይ አይደለም። ሳይመረጥ ቀልቶ የሚታይ ኖታ ለዚያ መሣሪያ ወይም ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ብሏል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኦክታቩ ስቷል።

*ባሩ ላይ ትንሽ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ወጣ።* ባሩ ከታይም ሲግኔቸሩ ረዝሟል ወይም አጥሯል። አስገቢ ሁነታን ወይም ኮንትሮል ዲሊትን ነክታችኋል። ገና ከሆነ ኮንትሮል ዜድ። ከቆየ ግን ይዘቱን ኮፒ አድርጋችሁ መጨረሻ ላይ ባለ ጤነኛ ባዶ ባር ላይ ለጥፉ፣ እዚያ አስተካክሉ፣ የታመመውን ባር ሰርዙት፣ ጤነኛ ባር በቦታው አስገቡና መልሳችሁ ለጥፉ። ይረዝማል፣ ነገር ግን የባሩን ርዝመት በእጅ ከመጠምዘዝ ይሻላል።

*ነጥቡ አልለቀቀም።* በመጻፊያ ሁነታ ከላይ ያለው የነጥብ ምልክት እንደበራ ከሆነ ቀጣዮቹም ባለ ነጥብ ይሆናሉ። የነጥብ ቁልፍን እንደገና ተጫኑ።

*የባሩን የመጨረሻ ኖታ ሳረዝም የሚቀጥለው ባር ተነካ።* ልክ ነው፤ ኖታው ባሩን አቋርጦ በማያያዣ ተቀጠለ፣ የቀጣዩን ባር የመጀመሪያ ምት በላ። ካልፈለጋችሁት ወደ ደረጃ 4 ሐ ሂዱ።

ለማሳተም ከመላካችሁ በፊት

ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ አጫውቱት፣ ዓይናችሁ ግጥሙ ላይ ይሁን። ፊደል የጎደለበት ቦታ ካለ እዚያ ኖታ ተበልቷል። የአማርኛው ግጥም በሳጥን ቅርጽ ከታየ ፎርማት፣ ስታይል፣ ቴክስት ስታይልስ ውስጥ ገብታችሁ ለሊሪክስ እንደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ያለ የግዕዝ ቅርጸ ፊደል ስጡት።

አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ያለ ኮፒ ቤት የሙዝስኮርን ፋይል ይከፍትልኛል ብላችሁ አትሂዱ። ፋይል፣ ኤክስፖርት፣ ፒዲኤፍ። ፒዲኤፉን ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ አይታችሁ፣ ከዚያ ፍላሽ ላይ ጫኑት። የሙዝስኮሩንም ፋይል በዚያው ፍላሽ ያዙት፤ ኪቦርዲስቱ ልምምድ ላይ «እቺን ሩብ ትንሽ አርዝሟት» ማለቱ አይቀርም።